ላፕቶፑ ውስጥ የተገኘው የሰው ጓሮ

ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ የተማሪ የቤት ሥራ እጽፋለሁ። ለዓመታት የሠራሁት ከአንድ ቢሮ ተጥሎ በወጣ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበር። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። በበጋ ጎኑን ከፍቼ ቬንትሌተር ካልደቀንኩበት ሥራ መሀል ላይ ጥፍት ይላል። ያም ሆኖ አመሉን አውቅ ስለነበር ተቻችለን ኖረናል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ አለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

አዲስ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ደንበኞቼ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ የጨለመውን ስክሪን ያያሉ፣ "በይ ሲሠራልሽ እንመጣለን" ብለው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ይሻገራሉ። ደጄ ላይ ቆሜ እዚያ ሲሰለፉ አያቸው ነበር።

መጠራጠር በደሜ ያለ ነገር ነው። እናቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ "ዕቃ ሲረክስብሽ ቀሪውን ማን እንደከፈለልሽ ጠይቂ" ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ባጃጅ ይነዳል። ተሳፋሪ የሚያወራውን ሁሉ ስለሚሰማ ሀዋሳ ውስጥ የተፈጸመ ማጭበርበር በሙሉ ከራት በፊት እኛ ቤት ይደርሳል። በስልክ የተታለለው፣ ድንጋይ በካርቶን ታሽጎ የተሸጠለት፣ የማያውቀውን መልእክት ከፍቶ ጉድ የሆነው፣ አንዱም አያመልጠንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ይዤ ነው ወደ አሮጌ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግንና ያገለገለ የሚሸጥ ሰው ጋ የሄድኩት። ሰውየው ትሑት ነው። ከመጠን በላይ ትሑት ነው፤ ያ ራሱ አልተመቸኝም። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቁር ላፕቶፕ አወጣና በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አደረገልኝ።

"ይቺን ነው የማዝልሽ፣ እህቴ። ሃርድ ዲስኳ ሰፊ ነው። ዕድሜ ልክሽን ብትጽፊ አትሞላም።"

"ከማን ነው የገዛኸው?"

"ከድርጅት የወጣ ነው።"

"ከየትኛው ድርጅት?"

"ኧረ ብዙ ናቸው፣ እህቴ።"

"ደረሰኝ አለው?"

ሳቀ። የሳቁበት ሰው ዕቃውን ትቶ መውጣት ነበረበት። እኔ ግን የተሰለፉት ደንበኞቼ ትዝ አሉኝና ገዛሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ክፉ አልነበረም። ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ከተነቀለ አብሮ ይሞታል። የ"ነ" ቁልፍ በጣት ካልደበደቡት አይሰማም፤ ስለዚህ "ነገ" ብዬ ስጽፍ "ገ" ብቻዋን ትቀራለች። ኢንተርኔት ስፈልግ ስልኬን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ከሱ አገናኘዋለሁ፤ ኔትወርኩ የሚደርሰው እዚያ ደፍ ላይ ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ጥርጣሬዬ የተነሳው አንድ ደንበኛ ብዙ ፎቶ ያለበት ሥራ ባመጣ ጊዜ ነው። ይበቃው እንደሆነ ለማየት የቀረውን ቦታ ብመለከት፣ "አትሞላም" የተባለው ሃርድ ዲስክ ግማሹ ተይዟል። እኔ የጻፍኩት ማመልከቻ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ሃርድ ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እኔ የምሠራው "ሲ" በሚባለው ላይ ነው። "ዲ" የሚባለውን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ከፈትኩት።

ፎቶዎች ናቸው። የሰው ጓሮ። አንድ ጓሮ፣ ከዚያ ሌላ ጓሮ፣ ከዚያ ሌላ። አጥር በአጥር፣ የበር አቅጣጫ፣ ከቤት ጀርባ ያለ መተላለፊያ። በያንዳንዱ ውስጥ እንሰት አለ። አንዳንዱ ላይ የአንዲት ሴት እጅ ቅጠል ይዞ ይታያል፤ ፊት ግን የለም። በአንድም ፎቶ ላይ የሰው ፊት የለም።

ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ አሳየሁት። ባጃጁን ሳያጠፋ ነበር የገባው፤ ተመልሶ ወጥቶ አጠፋት።

"ይሄ ሌባ ነው" አለኝ። "የሚሰርቅበትን ቤት እያጠና ነው ያነሳው። በሩን አየሽ? አጥሩ የተቀደደበትን አየሽ?"

"ሌባ እንሰት ምን ያደርግለታል?"

"እንሰቱን ትተሽ አጥሩን እይው እንጂ!"

ከፎቶዎቹ ሥር ደግሞ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ የድምፅ ፋይሎች ነበሩ። አንዱን ከፈትነው። አንዲት ወጣት ሴት በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር ታነባለች፣ ከዚያ አንዲት አሮጊት ይመልሱላታል። እኔ ሀዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በሲዳሙ አፎ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ገበያ ላይ እከራከራለሁ። እንዲህ ያለ ረጅም ወሬ ግን ካቅሜ በላይ ነው። ዶሮ ይጮሃል፣ የሆነ ነገር ይፋቃል፣ አሮጊቷ ይናገራሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። እያለቀሱ ነበር።

ባለቤቴ ክዳኑን በእጁ ዘጋው።

"ይሄ ዕቃ የተሰረቀ ነው። ቀላል ነገርም አይደለም ውስጡ ያለው። አጥፊው። ፎርማት አድርጊውና አላየንም፣ አልሰማንም እንበል። የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?"

አውቃለሁ። ተባባሪ ነው የሚባለው። ላጠፋው ተነሳሁ፤ የሚያጠፋውን ቁልፍ ሁሉ ነክቼው ነበር። ነገር ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እነዚያ አሮጊት አንድ ነገር ደርሶባቸው ከሆነስ? ፖሊስ ዛሬ እየፈለገው ከሆነ፣ ነገ ደግሞ ማን አጠፋው ቢባል? ማጥፋቱም ማስቀመጡም እኩል አስፈራኝ።

የሱቋ ባለቤት፣ ማለትም ያከራዩኝ ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሲዳሙ አፎ የእናት ቋንቋቸው ነው፤ አማርኛ ደግሞ ስንቱን አስተምረውበታል። ጠዋት ጠዋት ሱቋ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ግን አከራይ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ እንዳለ ቢያውቁ ዕቃዬን አውጥተው ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ስለዚህ ዋሸሁ።

"ጋሼ፣ አንድ ደንበኛ ድምፅ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጻፊልኝ ብሎ። ቋንቋው ከበደኝና ትንሽ ቢሰሙልኝ?"

ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። ትንሽ ሰሙና ቀና ብለው አዩኝ።

"ደንበኛሽ ያመጣው ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ምን ይላል ብለሽ አልጠየቅሽውም?"

ድምፁን ከፍ አደረግሁላቸው። እሳቸውም አልገፉኝም። ተመልሰው አዳመጡና ቀስ እያሉ ይነግሩኝ ጀመር።

"ልጅቱ ተማሪ ናት። ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው የመጣሁት ትላለች። ስለ እንሰት አጠውልግ ነው የምትጠይቃቸው፤ እንሰቱን የሚያደርቀው በሽታ። በየትኛው ወር ጀመረ፣ ቢላውን በእሳት ታሳልፉታላችሁ ወይ፣ የታመመውን ነቅላችሁ የት ትጥሉታላችሁ…"

"ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?"

መምህሩ እንደገና ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ባለቤታቸው የተከሉት ነው። ከዳር ጀምሮ እየጠወለገ መሀል ደረሰ ነው የሚሉት። ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው፣ አሁን በዓይኔ እያየሁ እየሞተ ነው…" ከዚያ ፈገግ አሉ። "እዚህ ላይ ደግሞ ልጅቱን ምን እንዳሏት ታውቂያለሽ? አንቺ ቅጠሉን ፎቶ ከምታነሺ መድኃኒት ብታመጪ ይሻላል አሏት።"

አጥሩ፣ በሩ፣ የተቀደደው መተላለፊያ፣ ባለቤቴ የሠራው የሌባ ታሪክ ሁሉ ፈረሰ። ግን ጥርጣሬው ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። ተማሪዋ ላፕቶፗ ተሰርቆባታል ማለት ነው። ዕቃዋም እኔ ጋ ነው።

"መጀመሪያው ላይ የምታነበው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ድምፁን ወደ መጀመሪያው መለስኩላቸውና እንደገና ሰሙ። "ፈቃድ እየጠየቀች ነው። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ፣ የተናገራችሁትን አወጣዋለሁ ትላለች።"

ቁጥሩን እኔም ሰማሁት። ቁጥሩን በአማርኛ ነበር የተናገረችው። አሮጊቷ ሲመልሱላት መምህሩ በሳቅ ተረጎሙልኝ፦ "ስልክ የለኝም ልጄ፣ ከቀየርኩ በሰው እልክብሻለሁ።"

መምህሩ ወንበራቸውን ይዘው ሲወጡ፣ "ለደንበኛሽ ሰላም በይልኝ" አሉኝ። እንዳወቁብኝ ገባኝ።

ደወልኩ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" አለች። ያቺው ድምፅ ናት።

"አታውቂኝም። የእንሰት ጥናት የሠራሽው አንቺ ነሽ?"

"ቁጥሬን ከየት አገኘሽ?" አለችኝ።

"ከላፕቶፕሽ ላይ። የተሰረቀብሽን ላፕቶፕ ሳላውቅ ገዝቼው…"

"ምንም ነገር አልተሰረቀብኝም።"

"ፎቶዎችሽ፣ የቀዳሽው ድምፅ ሁሉ እኔ ጋ ነው ያለው።"

"ላፕቶፔ እዚሁ ፊቴ ነው ያለው። አሁን እየሠራሁበት ነው" አለችና ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ላፕቶፑ እሷ ጋ ካለ እኔ ጋ ያለው ምንድን ነው? ለባለቤቴ ስነግረው ዓይኑን ጨፈን አደረገ። "እሷም ውስጥ አለችበት" አለ። "ሸጣዋለች፣ አሁን ክዳለች።" ያን ጊዜ ይህም አሳማኝ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የወንድ ድምፅ ነው፣ ወፍራም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ከእህቴ ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ምንም አልፈልግም።"

"መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። በኋላ ደግሞ ይህን ካልላክሽ ፎቶሽን እበትነዋለሁ ይመጣል።"

"ወንድሜ፣ የምበትነው የእንሰት ፎቶ ነው እንዴ?"

ይህን ስለው ከኋላው የእሷን ድምፅ ሰማሁ። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ብቻ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ እንድንገናኝ ጠየቀኝ። እኔም ሰው የሚበዛበት ነበር የፈለግሁት።

እዚያው ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለ ጭማቂ ቤት ተቀጣጠርን። ባለቤቴ ባጃጁን ደጃፉ ላይ ወደ መውጫው አዙሮ አቆማትና መሪው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ለመሸሽ ይሁን ለማባረር አልነገረኝም። እሷ ቀጠን ያለች፣ ምናልባት ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ቡሹሎ በኩል ነው የምትኖረው። ከወንድሟ ጋር መጣች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። የታዘዘላትን አቮካዶ አልነካችውም። እኔም የኔን አልነካሁትም።

ላፕቶፗን ከቦርሳው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ይኸው፤ የኔ ይሄ ነው። አምስት ዓመት ይዤዋለሁ። ያንቺ የት አለ?"

የኔን አወጣሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። አይመሳሰሉም፤ የሷ ግራጫ ነው፣ የኔ ጥቁር። የኔ ደግሞ ሶኬት ያስፈልገዋል። አስተናጋጇን ለምነን ማቀዝቀዣው የተሰካበትን ለአፍታ አስነቀልን። ሲነሳ "ዲ"ን ከፍቼ የአሮጊቷን ድምፅ ለቀቅኩት።

የራሷን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ ወደቀ። አሮጊቷ መናገር ሲጀምሩ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። እስኪያልቅ አዳመጠችና፣ "እንደገና" አለችኝ። እንደገና ከፈትኩላት። ከዚያ ዓይኗን አበሰችና በሌላ ፊት ዞረችብኝ።

"ከየት ነው የቀዳሽው? ቤቴ ገብቶ የቀዳልሽ ሰው አለ?"

"እህቴ፣ እኔ ቤትሽን የት አውቀዋለሁ? ገዝቼው ነው ያገኘሁት እያልኩሽ ነው።"

"ይሄ ፋይል እኮ ጠፍቷል! የትም የለም! እኔ ጋ እንኳን የለም!"

ወንድሟ ነበር መጀመሪያ ያሰበው። "ቆይ" አላት፤ "ያን ጊዜ አስጠግነሽው አልነበረም?"

እሷም ቀስ ብላ ነገረችን። ዓምና፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ ስትቃረብ ላፕቶፑ አልነሳ አላት። ወደ ጥገና ወሰደችው። ባለሙያው ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ መብራት ነው የገደለው፣ ከሱ ምንም አይወጣም አላት። እዚያው ቆማ አለቀሰች። እሱም አጽናናት፣ ውኃ ሰጣት፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገጠመላት። የሞተውን ምን ያደርግልኛል ብላ ትታለት ወጣች። በስልኳ ቀርቶ የነበረውን ደግሞ ቦታ ስላጣች ቀደም ብላ አጥፍታው ነበር።

"የት ነው ያስጠገንሽው?" አልኳት።

"ወደ አሮጌ ገበያ ሲኬድ፣ በስተቀኝ…"

"በጣም ትሑት ሰው?"

አየችኝ። "ውኃም ሰጠኝ እኮ" አለች እንደገና፣ አሁን በሌላ ድምፅ።

የተሰረቀ ላፕቶፕ አልነበረም። የሞተ የተባለ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ሳይሞት በሌላ ላፕቶፕ ሆድ ገብቶ እኔ ጋ የደረሰው።

በባለቤቴ ባጃጅ ተጠጋግተን ተጭነን ሄድን። ጠጋኙ ሁለታችንን አብረን ሲያየን ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ቶሎ ግን አገገመ።

"እህቶቼ፣ ግቡ። ምን ልታዘዝ?"

"ሞቷል ያልከኝ ሃርድ ዲስክ እሷ ጋ ምን ይሠራል?" አለችው።

አልካደም። ይህን ልመስክርለት። ወንበር አቀረበልን፤ ማንም አልተቀመጠም። ያን ጊዜ ሲሞክረው በእርግጥ አይነሳም ነበር አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሌላ ኬብል ሲሞክረው ተነሳ። የሞተው ኬብሉ ነበር። ከዚያ ለኔ የሸጠው ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ስላልነበረው ገጠመለት።

"ሲነሳልህ ለምን አልደወልክልኝም?"

"ቁጥርሽ አልነበረኝም፣ እህቴ። በእግዚአብሔር።"

"ተሠርቶልሻል ነይ ውሰጂ ብለህ የደወልክልኝ ማን ነህ ታዲያ?"

እኔም አላስቻለኝም።

"ፋይሉን አይተኸዋል?" አልኩት።

"እኔ የሰው ፋይል አልከፍትም።"

"ካልከፈትክ ለምን አላጠፋኸውም? 'ሲ'ን አጽድተህ ነው የሸጥክልኝ። 'ዲ'ን ለምን ተውከው?"

ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረና አንዲት ብሎን በጣቱ ማንከባለል ጀመረ። "ማጥፋት ከበደኝ" አለ። "የሰው ልፋት መሰለኝ። ባለቤቱ አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል አልኩ።"

"ሸጠህልኝ? ሌላ ሰው ቤት?"

እስከ ዛሬ የትኛውን እንደማምን አላውቅም። ሰንፎ ትቶት ሊሆን ይችላል። አዝኖም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያውኑ አውቆ ሞቷል ብሎ ደህናውን አስቀርቶት፣ ኬብል የሚለውን እኛን ሲያይ የፈጠረው ሊሆንም ይችላል። የልጅቱ ወንድም ወደ ፖሊስ ካልሄድን አለ። እሷ ግን፣ "አሁን የምፈልገው ፋይሌን ነው" አለችና ገታችው። ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ለሷ ሰጣት፣ ለኔ ሌላ ገጠመልኝ። ሲፈታም ሲገጥምም ሁላችንም ከበነው ቆምን። ባለቤቴ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጸው ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደወለችልኝ።

"አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እምቢ አትበዪኝ። አማካሪዬ ጋ አብረሽኝ ትመጫለሽ?"

ሃርድ ዲስኩ የሞተባት ጊዜ የጥናት አማካሪዋ አላመናትም ነበር። "ኮምፒውተሬ ተበላሸ ያላለኝ ተማሪ የለም" ብሏታል። መስክ ሳትወጣ ቤቷ ተቀምጣ የጻፈችው እንደሆነ ጠርጥሮ፣ ከባዶ ካልጀመርሽ አልፈርምም አላት። እንደገና ገጠር ለገጠር ለመዞር አቅም አልነበራትም፤ ትምህርቱን አቋርጣ ሥራ ገባች። አሁን ፋይሉን ይዛ ስትቀርብ ደግሞ፣ ተገኘ የሚለውን ታሪክ ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው የሚያምነው ብላ ፈራች።

ሄድኩላት። ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አዳመጠን። ታሪኩን ስጨርስ፣ "እርስዎ ዘመዷ ነዎት?" አለኝ።

"አይደለሁም። ሃርድ ዲስኳን ሳላውቅ የገዛሁ ነኝ።"

"ሳያውቁ ገዙ። ሳያውቁ ከፈቱ። ስልኳም እዚያው ድምፅ ላይ ተገኘ።"

በሱ አፍ ሲነገር እኔ ራሴ አላመንኩትም። ድምፁን ከፈተችለት፤ ሲዳሙ አፎ አይሰማም። ፎቶዎቹን አሳየችው፤ የተነሱበትን ቀን አየና "ቀን መቀየር ቀላል ነው" አለ። ልናገረው አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"እንሂድ" አለችው። "መርጠው አንድ ጓሮ ያሳዩኝ። ከፎቶዎቹ ውስጥ የፈለጉትን። እወስድዎታለሁ።"

ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። መጣ። እኔ ሥራ ነበረኝና አልሄድኩም፤ የሆነውን በኋላ ነው የነገረችኝ።

እሱ የመረጠው የአሮጊቷን ጓሮ ነበር። ከከተማ ወጥተው፣ ከአስፋልቱ ወርደው፣ የቀረውን በእግራቸው ሄዱ። አጥሩ እዚያው ነበር፣ የተቀደደበትም አልተጠገነም። አሮጊቷ ከቤት ወጥተው ልጅቱን አዩና ለሰላምታ እጃቸውን አልዘረጉም። በሲዳሙ አፎ ጮኹባት።

አማካሪው "ምን ይላሉ?" አላት።

"'ተመልሼ መጥቼ የደረስኩበትን እነግርዎታለሁ ብለሽኝ ነበር። አንቺን ስጠብቅ እንሰቴ አለቀ' ነው የሚሉኝ" አለችው።

ሰውየው ወደ ጓሮው ዘለቀ። በፎቶው ላይ እንሰት ሞልቶ የነበረው መሬት መሀሉ ባዶ ነው፤ የተቆረጡት ጉቶዎች ብቻ ቀርተዋል። ከፎቶው ጋር ያስተያየው ዘንድ ስልኳን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። አሮጊቷ ፊት ሄዶ አጎነበሰና፣ ጥፋቱ የልጅቱ እንዳልሆነ፣ እሱ እንዳዘገያት ተርጉሚልኝ አላት። እሷም ተረጎመችለት። አሮጊቷ ሰውየውን ከጫማው እስከ መነጽሩ አዩትና፣ "እሱ ደግሞ ማነው?" አሉ። ከዚያ ግን ሁለቱንም አስገብተው የሚቀመጡበት ሰጧቸው። ከዳር የቀረውን ጥቂት ደህና እንሰት ለማዳን ምን እንደሚደረግ እሷ ስታስረዳ፣ ቢላውን እንዴት በእሳት እንደሚያሳልፉ ስታሳይ፣ አማካሪው ቁጭ ብሎ አየ።

ፈረመላት። ጽሑፏን ጨርሳ ለማሳተም የመጣችው እኔ ጋ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጽሕፈት ቤት የተሻለ ማሽን እንዳለው ሁለታችንም እናውቃለን፤ አላነሳነውም። ስትገባ ተቃቅፈን ተሳሳምን፤ በር ላይ ለተቀመጡት መምህርም በሲዳሙ አፎ ሰላምታ ሰጥታቸው ብዙ አወሩ።

ከዚያ ፋይሉ ያለበትን ፍላሽ ከአንገቷ አወጣች። እንደ ክታብ በክር አስራው ነበር። እጄን ዘረጋሁ።

"አይ፣ እኔ ልሰካው" አለችኝ።

ጎንበስ ብላ ራሷ ሰካችው። ገጹ አንድ በአንድ ከማሽኑ ሲወጣ እየቆጠረች ተቀበለችው። መሀል ላይ ደንበኛ መጥቶ ዞር ስል እጇን ፍላሹ ላይ እንዳስቀመጠች አየሁ። ሲያልቅ ነቀለችው፣ ክሩን መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ "ኮፒ የቀረ ነገር የለም አይደል?" አለችኝ።

አልከፋኝም። ወንበሬን ለቀቅኩላትና ራሷ ከፍታ እንድታይ "ዲ"ን አሳየኋት።